ሚዛኑን መጠበቅ፦ የስቶይኪዮሜትሪ መግቢያ ከቡና፣ ከኖራና ከከሰል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ብዙ ፍሬሽማን የሚፈራውን የጄኔራል ኬሚስትሪ ክፍል፣ ስቶይኪዮሜትሪን ይዘን ቀርበናል።

ይህ ክፍል የሚከብደው ሒሳቡ ስለሚከብድ አይደለም። ሒሳቡ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የሚከብደው አንድ ነገር ስለሚረሳ ነው፦ የኬሚስትሪ እኩልታ የሚቆጥረው ቅንጣትን ነው፤ ሚዛን የሚለካው ግን ክብደትን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ድልድይ ሞል ይባላል። ይህን የያዘ ተማሪ ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል፣ ኢንሻአላህ። ምሳሌዎቻችንን የመረጥነው እዚሁ ካፋ ውስጥ ከምናውቃቸው ነገሮች፣ ማለትም ከቡናው፣ ከአሲዳማው የእርሻ አፈርና ከከሰል ማንደጃው ነው። የመጨረሻው ምሳሌ የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ እስከዚያ አብራችሁን ዝለቁ።

ስለ አጻጻፋችን አንድ ማሳሰቢያ፦ የንጥረ ነገሮቹን ምልክት ክፍል ውስጥ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፈናል። ሲ ካርቦን፣ ኤች ሃይድሮጂን፣ ኦ ኦክስጅን፣ ኤን ናይትሮጂን፣ ሲኤ ካልሲየም፣ ሲኤል ደግሞ ክሎሪን ነው። አንዱን ንጥረ ነገር ከሌላው ለመለየት በመካከላቸው ሰረዝ አድርገናል። ሰረዟ ቀላል አይደለችም። «ሲ-ኦ» ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ነው፤ ያለ ሰረዝ «ሲኦ» ብንል ግን ኮባልት የተባለው ብረት ይሆናል። በፈተና ወረቀት ላይም ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ማምታታት የሚያመጣው ስህተት ይኸው ነው።

1. ፎርሙላ ምን ይነግረናል?

ቡናን እንቅልፍ የሚያባርር ያደረገው ካፌይን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር ቡና ይጠጡ የነበረው በዚሁ ጠባዩ ነው። በ1819 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ አወጣው። ፎርሙላው ሲ₈-ኤች₁₀-ኤን₄-ኦ₂ ነው።

ከታች የተጻፉት ትንንሽ ቁጥሮች በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ከእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ስንት አቶም እንዳለ ይናገራሉ፦ 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጂን፣ 4 ናይትሮጂን፣ 2 ኦክስጅን። አቶሚክ ማሳቸውን በቅደም ተከተል 12፣ 1፣ 14 እና 16 ብለን ብንይዝ፦

8 × 12 = 96
10 × 1 = 10
4 × 14 = 56
2 × 16 = 32
ድምር = 194

ስለዚህ የካፌይን ሞላር ማስ በሞል 194 ግራም ነው። ከዚህ የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ ማውጣት ቀላል ነው። ናይትሮጂን 56 ÷ 194 = 28.9 በመቶ፤ ካርቦን 49.5፤ ኦክስጅን 16.5፤ ሃይድሮጂን 5.2 በመቶ ገደማ።

ፈተና ላይ ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይመጣል። መቶኛዎቹ ይሰጡና «ፎርሙላውን አውጡ» ይባላል። መንገዱ አራት እርምጃ ነው።

አንደኛ፣ 100 ግራም አለን እንበል፤ መቶኛዎቹ ወደ ግራም ይለወጣሉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ለአቶሚክ ማሱ እናካፍል፦ ካርቦን 49.5 ÷ 12 = 4.13፤ ሃይድሮጂን 5.2 ÷ 1 = 5.2፤ ናይትሮጂን 28.9 ÷ 14 = 2.06፤ ኦክስጅን 16.5 ÷ 16 = 1.03። ሦስተኛ፣ ሁሉንም ለትንሹ፣ ማለትም ለ1.03፣ እናካፍል፦ 4፣ 5፣ 2፣ 1 ይመጣል። ስለዚህ ኢምፒሪካል ፎርሙላው ሲ₄-ኤች₅-ኤን₂-ኦ ነው፤ ክብደቱም 97። አራተኛ፣ ትክክለኛው ሞላር ማስ 194 እንደሆነ ከተነገረን 194 ÷ 97 = 2። ቁጥሮቹን ሁሉ በ2 ስናባዛ ካፌይን ራሱ ይመጣል።

ልብ በሉ፦ ግራሞቹን ወደ ሞል ሳንለውጥ እርስ በርሳቸው ብናካፍላቸው ኖሮ ምንም ትርጉም የሌለው ቁጥር ይወጣ ነበር። ፎርሙላ የብዛት ንጽጽር እንጂ የክብደት ንጽጽር አይደለም።

2. ሞል፦ አንድ መስፈሪያ፣ ብዙ ክብደት

ለዘካተል ፊጥር የምንሰፍርበት ሷዕ የይዘት መለኪያ ነው። ስለዚህ አንድ ሷዕ ስንዴና አንድ ሷዕ ተምር በኪሎ እኩል አይመዝኑም። መስፈሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ክብደቱ እንደ እህሉ ይለያያል። ሞልም በዚህ በኩል ይመስለዋል። ልዩነቱ ሷዕ ይዘትን ሲለካ ሞል ግን ብዛትን መቁጠሩ ነው። ማንኛውም አንድ ሞል 6.022 × 10²³ ቅንጣቶችን ይይዛል። አንድ ሞል ካርቦን 12 ግራም፣ አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም፣ አንድ ሞል ካፌይን 194 ግራም ይመዝናል፤ የቅንጣቶቹ ቁጥር ግን በሦስቱም እኩል ነው።

የአረቢካ ቡና ፍሬ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህሉ ካፌይን ነው። በአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ውስጥ 12 ግራም አለ ማለት ነው። 12 ÷ 194 = 0.062 ሞል። በ6.022 × 10²³ ስናባዛው 3.7 × 10²² ሞለኪውል ይሆናል። ከግራም ወደ ሞል ስንሄድ ለሞላር ማስ እናካፍላለን፤ ከሞል ወደ ግራም ስንመለስ እናባዛለን።

3. እኩልታን ማመጣጠን

ሚዛን ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። ሱረቱ ረሕማን ሚዛንን ያነሳል፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን ደግሞ ስሟን ያገኘችው ስፍርና ሚዛን ከሚያጓድሉ ሰዎች ነው። ከቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት መካከልም በጃቢር ኢብን ሐያን ስም የሚታወቁት ጽሑፎች የነገሮችን ጠባይ በሚዛን ሐሳብ ለማስረዳት ሞክረዋል። አል-ኻዚኒም በ1121 «ሚዛኑል ሒክማ» በተባለው መጽሐፉ ማዕድናትን በመመዘን መለየት የሚቻልበትን መንገድ በሰፊው አብራርቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዊው ላቮዚየ በትክክለኛ ሚዛን እየለካ በሪአክሽን ውስጥ ክብደት እንደማይጠፋና እንደማይጨመር አጸና። እኩልታን የምናመጣጥነው ለዚህ ነው። በስተግራ የገባው አቶም ሁሉ በስተቀኝ መገኘት አለበት።

የባዮጋዝ ዋና ክፍል የሆነውን ሜቴን ስናነድ የሚሆነውን እንይ፦

ሲ-ኤች₄ + ኦ₂ → ሲ-ኦ₂ + ኤች₂-ኦ

ካርቦኑ እኩል ነው። ሃይድሮጂን በግራ 4፣ በቀኝ 2 ስለሆነ ከውሃው ፊት 2 እናስቀምጣለን። አሁን በቀኝ ያለው ኦክስጅን 2 + 2 = 4 ሆነ፤ ከኦክስጅኑ ፊትም 2 እናስቀምጣለን፦

ሲ-ኤች₄ + 2ኦ₂ → ሲ-ኦ₂ + 2ኤች₂-ኦ

በክብደት እንፈትሸው፦ 16 + 64 = 80፤ 44 + 36 = 80። ተመጣጥኗል። ሕጉን አትርሱ፦ ከፊት የሚቀመጠውን ኮኤፊሸንት መለወጥ ይቻላል፤ ከታች ያለውን ትንሽ ቁጥር ግን መንካት አይቻልም። እሱን መንካት ነገሩን ራሱን መለወጥ ነው። ኤች₂-ኦ ውሃ ነው፤ ኤች₂-ኦ₂ ግን ቁስል የሚጠረግበት ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ነው።

4. የሪአክሽን ዓይነቶች

በመግቢያው ኮርስ አምስት ዓይነቶችን ትማራላችሁ። ከአምስቱ ብዙዎቹን ኖራ ብቻውን ያሳየናል።

መበስበስ ወይም ዲኮምፖዚሽን፦ አንዱ ወደ ብዙ ይከፈላል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቃጠል፦
ሲኤ-ሲ-ኦ₃ → ሲኤ-ኦ + ሲ-ኦ₂
100 ግራም ድንጋይ 56 ግራም ያልበረደ ኖራና 44 ግራም ጋዝ ይሰጣል። ድንጋዩ «ቀለለ» እንጂ ክብደት አልጠፋም፤ የጎደለው ወደ አየር ወጥቷል።

መዋሐድ ወይም ኮምቢኔሽን፦ ብዙው ወደ አንድ ይመጣል። ያልበረደው ኖራ ላይ ውሃ ሲጨመር ይፈላል፣ ይሞቃል፦
ሲኤ-ኦ + ኤች₂-ኦ → ሲኤ-(ኦ-ኤች)₂
56 + 18 = 74 ግራም የበረደ ኖራ።

ነጠላ ምትክ፦ አንዱ ንጥረ ነገር ሌላውን ከቦታው ያስለቅቃል። የብረት ሚስማር በሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ስንከት ብረቱ ወደ ሙሙቱ ይገባል፣ ቀዩ መዳብ ሚስማሩ ላይ ይለጠፋል።

ድርብ ምትክ፦ ሁለት ውህዶች አጋሮቻቸውን ይለዋወጣሉ። አሲድና ቤዝ ተገናኝተው ጨውና ውሃ የሚሰጡበት ገለልተኛ የማድረግ ሪአክሽን እዚህ ይመደባል።

መቃጠል ወይም ኮምበስሽን፦ ነዳጅ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ሙቀት ይሰጣል። ከላይ ያየነው ሜቴን ምሳሌው ነው።

5. ለአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ?

ዝናብ የሚበዛባቸው የደቡብ ምዕራብና የምዕራብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች አፈር አሲዳማ ይሆናል። ዝናቡ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን እያጠበ ይወስዳል፤ በቦታቸው ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይቀራሉ። አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ስለሚታሰር ገበሬው የገዛው ማዳበሪያ ሙሉ ጥቅም አይሰጠውም። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፦

ሲኤ-ሲ-ኦ₃ + 2ኤች⁺ → ሲኤ²⁺ + ሲ-ኦ₂ + ኤች₂-ኦ

አንዱ ኖራ ሁለት አሲድ ያጠፋል። በዚህች «2» ላይ ዓይናችሁን አኑሩ።

የላቦራቶሪ ምርመራ የአንድን ማሳ የአሲድ መጠን በኪሎ አፈር 2 ሴንቲሞል ቻርጅ ነው አለ እንበል። ኖራው የሚደባለቀው እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የአፈሩ ጥግግትም በሜትር ኩብ 1000 ኪሎ ይሁን።

የአፈሩ ክብደት፦ 10000 ሜትር ካሬ × 0.15 ሜትር × 1000 = 1500000 ኪሎ።
የአሲዱ መጠን፦ 1500000 × 0.02 ሞል = 30000 ሞል።
የሚያስፈልገው ኖራ፦ 30000 ÷ 2 = 15000 ሞል።
በክብደት፦ 15000 × 100 ግራም = 1500000 ግራም = 1500 ኪሎ = 15 ኩንታል።

ያቺን «2» የረሳ ባለሙያ 30 ኩንታል ይላል። ኖራ ከባድ ጭነት ነው፤ ከመሐል አገር ወደ ካፋ የሚመጣ መኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በእኩልታው የተሳሳተች አንዲት ቁጥር የገበሬውን ወጪ እጥፍ ታደርገዋለች። ከመጠን ያለፈ ኖራ ደግሞ እንደ ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ለሰብሉ እንዳይደርሱ በማድረግ መሬቱን በሌላ በኩል ይጎዳል። ከእናንተ መካከል ነገ የግብርና ባለሙያ የሚሆን አለ። የሰው ሐቅ በካልኩሌተር ላይም እንደሚጓደል አስቡት።

አንድ ነገር እንጨምር። የተገዛው ኖራ 80 በመቶ ብቻ ንጹሕ ቢሆንስ? 1500 ÷ 0.8 = 1875 ኪሎ ያስፈልጋል። የንጽሕና ጥያቄ ሲመጣ ማካፈል ነው ወይስ ማባዛት ብላችሁ ስትጠራጠሩ፣ ቆሻሻ ያለበት ዕቃ ይበዛል እንጂ አያንስም በሉ፤ መልሱን ራሱ ይነግራችኋል።

6. መጀመሪያ የሚያልቀው ይወስናል

ለኢፍጣር በየሳህኑ 2 ሳምቡሳና 3 ተምር እናስቀምጣለን እንበል። 50 ሳምቡሳና 60 ተምር አለን። ሳምቡሳው ለ25 ሳህን ይበቃል፤ ተምሩ ግን ለ20 ብቻ። ስለዚህ 20 ሳህን ይዘጋጃል፣ 10 ሳምቡሳም ይተርፋል። በቁጥር የሚበዛው ተምር ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ያለቀው እሱ ነው። በኬሚስትሪ ይህን ሊሚቲንግ ሪአክታንት ይሉታል።

28 ግራም ናይትሮጂንና 5 ግራም ሃይድሮጂን አሞኒያ ይሠራሉ፦

ኤን₂ + 3ኤች₂ → 2ኤን-ኤች₃

ናይትሮጂን 28 ÷ 28 = 1 ሞል፤ ሃይድሮጂን 5 ÷ 2 = 2.5 ሞል። ሃይድሮጂኑ በሞል ይበዛል፤ ነገር ግን 1 ሞል ናይትሮጂን 3 ሞል ሃይድሮጂን ይፈልጋል፣ ያለው ደግሞ 2.5 ነው። ወሳኙ ሃይድሮጂን ነው። የሚወጣው አሞኒያ 2.5 × 2 ÷ 3 = 1.67 ሞል፣ በ17 ሲባዛ 28.3 ግራም ገደማ። በላቦራቶሪ 21.25 ግራም ብቻ ከተገኘ ውጤቱ 75 በመቶ ነው። ወሳኙን ለማወቅ ግራምን ከግራም፣ ሞልንም ከሞል በቀጥታ አታወዳድሩ። እያንዳንዱን ሞል ለራሱ ኮኤፊሸንት አካፍሉና ትንሹን ያዙ።

7. ከሰሉና የተዘጋው ክፍል

አሁን ቃል ወደገባንበት ምሳሌ እንምጣ። ከግቢ ውጭ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ለሱሑር ከሰል የሚያነዱ እህትና ወንድሞች አሉን። የቦንጋ ዝናብና ብርድ ደግሞ በርና መስኮት ያዘጋል። ከሰል ሁለት መንገድ አለው፦

ሲ + ኦ₂ → ሲ-ኦ₂
2ሲ + ኦ₂ → 2ሲ-ኦ

ኦክስጅን ሲበቃ የመጀመሪያው፣ ሲያንስ ሁለተኛው ይበረታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሚጣበቅ ሰውነት ኦክስጅን ያጣል።

3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22500 ሊትር አየር ይይዛል። ከዚህ 21 በመቶው፣ ማለትም 4725 ሊትር፣ ኦክስጅን ነው። በቦንጋ ከፍታ አንድ ሞል ጋዝ ወደ 30 ሊትር ቦታ ስለሚይዝ ክፍሉ ውስጥ 157 ሞል ያህል ኦክስጅን አለ። አንድ ኪሎ ከሰል ንጹሕ ካርቦን ነው ብንል 83 ሞል ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ኦክስጅኑ ይተርፋል፤ «ችግር የለም» ሊባል ነው።

ስሌቱ ልክ ነው፤ ቦታው ግን ልክ አይደለም። ሪአክሽኑ የሚካሄደው በክፍሉ አየር መካከል ሳይሆን በማንደጃው ውስጥ፣ በፍሙ ክምር መሐል ነው። እዚያ ውስጥ ካርቦን ሞልቷል፣ ኦክስጅን ግን በቀላሉ አይገባም። የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ከቀላው ፍም ጋር ተገናኝቶ ወደ መርዝ ይለወጣል፦

ሲ-ኦ₂ + ሲ → 2ሲ-ኦ

ስንት ግራም ከሰል ይበቃል? ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየሩ 0.1 በመቶ ሲደርስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለዚህ ክፍል 0.1 በመቶ ማለት 22.5 ሊትር፣ 22.5 ÷ 30 = 0.75 ሞል ነው። 0.75 × 12 = 9 ግራም ካርቦን። ከማንደጃው አንድ ኪሎ ከሰል ውስጥ 9 ግራሙ ብቻ በዚህ መንገድ ቢያልፍና ክፍሉ ቢዘጋ ይበቃል።

«ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ አሁን ይግባ» የሚባለው አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጭሱ ያልቃል እንጂ ጋዙ አያልቅም። ስለዚህ እንመክራለን፦ ከሰል ውጭ ይነድ፤ ከሰል ባለበት ክፍል አትተኙ፤ መስኮት ገርበብ ማድረግን እንደ ዋስትና አትቁጠሩ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፣ አብሯችሁ ያለውን አውጡ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

8. ራሳችሁን ፈትኑ

ሀ) ኤች₂-ኦ₂ → ኤች₂-ኦ + ኦ₂። አመጣጥኑና ዓይነቱን ተናገሩ።
ለ) 25 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ስንት ኪሎ ያልበረደ ኖራ ይሰጣል?
ሐ) በክፍል 5 ላለው ማሳ በኖራ ድንጋይ ፈንታ ንጹሕ የበረደ ኖራ ብንጠቀም ስንት ኪሎ ይበቃል? እሱም አንዱ ሁለት ኤች⁺ ያጠፋል።

መልስ፦ ሀ) 2፣ 2፣ 1፤ መበስበስ። ለ) 14 ኪሎ። ሐ) 15000 × 74 ግራም = 1110 ኪሎ።

መልሳችሁ ካልገጠመ ሦስት ቦታ ፈትሹ፦ እኩልታው ተመጣጥኗል? ግራሙ ወደ ሞል ተለውጧል? ኮኤፊሸንቱ በቦታው ገብቷል? ያልገባው ሰው ከመጠየቅ አይፈር፤ የገባው ደግሞ ለጎኑ ያስረዳ፣ የዒልም ዘካው ማስተማር ነውና። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።